«ክሊር» እና «ክሊን»
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ታላቅ ነው። ቃላቱ «ክሊር» እና «ክሊን» ናቸው። በድምፅም በፍችም ስለሚቀራረቡ ተማሪን ያሳስታሉ።

«ክሊር» የጠራ፥ የሚጋርደው ነገር የሌለው ማለት ነው። «ክሊን» ግን ንጹሕ፥ እድፍ ያልነካው ማለት ነው፤ ስለ ውኃ ሲነገርም ጎጂ ነገር የሌለበት ማለት ነው። ስለዚህ ደመና የሌለበት ሰማይ «ክሊር ስካይ»፥ የታጠበ ሸሚዝ «ክሊን ሸርት» ይባላል። ግስ ሲሆኑም ይለያያሉ፤ «ክሊር ዘ ቴብል» የተባለ ሰው ሳህኖቹን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣል፤ «ክሊን ዘ ቴብል» የተባለ ግን ጠረጴዛውን ይወለውላል።

ይህ ልዩነት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ ወደ ላንጋኖ እንመልከት። የሐይቁ ውኃ ቡናማ ነው፤ ይህም ቀለም የመጣው በውስጡ ከተበተነው እጅግ የላመ አፈር ነው። እንግዲህ «ክሊር» ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ በሽታ ያለበት መሆኑንና አለመሆኑን ቀለሙ ብቻ አይመሰክርም።

በአንጻሩ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ብዙ የጉድጓድ ውኃ በብርጭቆ ሲቀዳ እንደ መስተዋት የጠራ ሆኖ ሳለ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ከመጠን በላይ ይገኝበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያመለከተው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ የበለጠውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጠጣ ልጅ ጥርሱ ሊበልዝ ይችላል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛና ዘመን ሲረዝም አጥንትም ይጎዳል። ይህ ጉዳት በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ በሐኪሞች ምርመራ ታይቷል። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም።

በአማርኛችን «ጥሩ» የሚለው ቃል የወጣው «ጠራ» ከሚለው ግስ ነው። ስለዚህም የጠራውን ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ ማመን ይቀናናል። ነገር ግን ዓይን የሚፈርደው «ክሊር» መሆኑን ነው፤ «ክሊን» መሆኑን የሚፈርደው ምርመራ ነው። ወላጆቻችን ሆይ፥ ለታናናሾቻችን የምታጠጡት ውኃ መጥራቱን ብቻ ሳይሆን መመርመሩንም እንድትጠይቁ በአክብሮት እንለምናችኋለን።