የት ሳጥን ውስጥ ነው?

እኅቶቼ፣ ባለፈው ዓርብ አንዷ «የማዳሜን እናት ሳስታምም ሐኪም መሆን አማረኝ፤ ግን 29 ሞላኝ፣ አልፎብኛል አይደል?» አለችኝ። መልሴን ሁላችሁም ስሙት።

ዋናው እንቅፋት ዕድሜ አይደለም፤ ወረቀት ነው። በአገራችን የሕክምናን በር የሚከፍተው የተፈጥሮ ሳይንስ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ተፈትናችሁ ያልመጣላችሁ በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥ ትችላላችሁ። ያለፈች ሁሉ ግን ሕክምና አትገባም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በመጀመሪያው ዓመት ውጤቷም ትወዳደራለች። በጤና ወይም በሳይንስ ዲግሪ ኖሯችሁ ሰው ቤት የምትሠሩም አላችሁ። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት እንዲህ ያሉ ምሩቃንን ተቀብሎ ሐኪም አድርጓል። አሁን የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበል አስጠይቁ።

ዛሬ ማታ ቤት ደውሉ። ሰርተፊኬታችሁና ትራንስክሪፕታችሁ የት ሳጥን ውስጥ እንዳሉ ጠይቁ፤ ፎቶ አስነሥታችሁ አስልኩ። ከዚያ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩት። እኔ ስወጣ ደላላው ስሜንም ዕድሜዬንም ቀይሮት ነበር፤ አገር ገብቼ ልመዘገብ ስል «ይህች አንቺ አይደለሽም» ተባልኩ። እናንተ ልዩነቱን ከአሁኑ እወቁት።

ከምትልኩትም ላይ ጥቂት ለይታችሁ በስማችሁ አስቀምጡ። ትምህርቱ ረጅም ነው፤ ባዶ እጅ አያስጨርስም።