ልጅ የታሪክ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ
(መልካሳ ላይ በተደረገው የአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባና ብድር አልናገርም። የምናገረው ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት ስለሚመጡት የታሪክ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን ትምህርት ያቋረጥን ስለሆንን ልጅ ደብተሩን ሲዘረጋ «እኔ ምን አውቃለሁ» እንላለን። እሱም ከስልክ ላይ ያገኘውን ገልብጦ ይሄዳል። ፈተና ላይ ግን ስልኩ አብሮት አይገባም።

ማንበብ የማትችል እናት እንኳ አራት ነገር መጠየቅ ትችላለች፦ መቼ? እነማን? ለምን? ምን ተከተለ? ለእናቱ በቃሉ ያስረዳ ልጅ በወረቀት ላይ አይቸገርም። ዘመኑንም «በእኛ ነው በፈረንጅ?» በሉት። ዓድዋ በእኛ የካቲት 1888፣ በፈረንጅ 1896 ነው።

አንደኛው ጥያቄ «ኢትዮጵያ ቅኝ ተገዝታለች?» የሚል ነው። «አልተገዛችም» ብሎ ማቆም ሙሉ ነጥብ አያስገኝም። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መነጋገር «ትችላለች» ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። እቴጌ ጣይቱ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ጦርነቱም ዓድዋ ላይ በድል አለቀ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተመልሶ ወረረን፤ አርበኞች ግን መዋጋታቸውን አላቆሙም። ልጁ ሁለቱንም ይጻፍ።

ማስረጃው ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። የቆቃ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ ነው። በመልካሳ የሚያልፈው አዋሽ ከዚያ ግድብ የሚለቀቅ ውሃ ነው። የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው የሆላንድ ኩባንያም ኢንዶኔዥያ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች እዚያ ሲነግድ የኖረ ነው። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ሥራ ፈጥሯል፤ የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግን የግጦሽ መሬታቸውን አጥተውበታል። ያንን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ስላሉ ልጆቹን ወደ እነሱ ላኳቸው።

ሁለተኛው ስለ ሥነ ጥበብ ነው። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በሦስት ክፍል ያለፈውን መከራ፣ የነፃነት ትግሉንና የወደፊቱን ተስፋ ያሳያል። ልጁ «ቆንጆ ነው» ብሎ እንዳያልፍ «በየክፍሉ ማን አለ? ምን ይሠራል?» በሉት።

ሦስተኛው የዜጎች መብት ነው። በ1948 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአሜሪካ ሞንትጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም በማለቷ ታሰረች። የከተማዋ ጥቁር ሴቶች በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ወረቀት አባዝተው በተኑ፤ ሕዝቡም ከአንድ ዓመት በላይ አውቶቡስ ሳይሳፈር በእግሩ ሄደ። በዚያው 1948፣ በጥቅምት፣ በእኛ አገር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴትም የመምረጥ መብት ሰጠ። በተከተለው ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። ይሁን እንጂ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «ባል የቤተሰብ ራስ ነው» ይል ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የሴት ልጅ መጋቢያ ዕድሜም ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። ስለዚህ መብት በአንድ ቀን እንደማይመጣ ልጆቻችን ይጻፉ፤ ሴቶች ልጆቻችን ደግሞ ይህ ሕግ እነሱን የሚጠብቅ መሆኑን ይወቁ።

እህቶቼ፣ ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ለደብተሩ ስጡ። ሴት ልጅን ከጥናት አስነሥታችሁ ውሃ ቅጂ አትበሏት፤ ወንድሟም ጀሪካን ማንሳት ይችላል። ወዳጆቻችን ደግሞ ለልጆቹ ማጣቀሻ መጻሕፍትና ካርታ ብታመጡልን ትልቅ እርዳታ ነው።