ነፍሰ ጡሯ እናት፣ ኢንሱሊንና የማቀዝቀዣችን ቅዝቃዜ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ እርግዝና ሊናገር በመነሣቱ የሚደነቅ ይኖር ይሆናል። ለዚህ ያነሣሣኝ በምኖርበት በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የደረሰ፣ እኔም ተጠያቂ የሆንኩበት ጉዳይ ነው።

አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። በሙያችን አነጋገር፣ ራሱን ይቆጣጠር የነበረው ሥርዓት ከዚያ ወዲያ በእጅ ይመራል ማለት ነው። እርግዝና ደግሞ ይህን ሥራ ያከብደዋል። የፅንሱ ዋና ዋና ብልቶች በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ስለሚቀረጹ፣ ስኳሩ ከፅንሰት አስቀድሞ መስተካከል ይኖርበታል። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የኢንሱሊኑን ፍላጎት ከፍ ያደርጉታል፤ ከወሊድ በኋላ ግን ፍላጎቱ ወዲያው ያሽቆለቁላል።

አንዲት ጎረቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች፣ «ወንድሜ፣ መድኃኒቴን ማቀዝቀዣው ውስጥ የት ላስቀምጠው?» ብትለኝ፣ «መብራት ቢጠፋም ቅዝቃዜው እንዲቆይለት ከበረዶው አጠገብ» አልኳት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስኳሯ ከፍ አለ። ሁላችንም ፍላጎቷ የጨመረ መሰለን። ሐኪሟ ግን መጠኑን ከመጨመራቸው በፊት የመድኃኒቱን ማስቀመጫ ጠየቁ። ቴርሞሜትር አስገብቼ ብለካው ከዜሮ በታች ሆኖ አገኘሁት። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ለዓይን ደህና ቢመስልም ኃይሉ አይታመንም። ብልቃጦቹ ተጥለው በአዲስ ሲተኩ ስኳሯ ተስተካከለ። መጠኑ ሳይመረመር ጨምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ቀጣዩ ደህና ብልቃጥ ስኳሯን ለሕይወቷ እስከሚያሰጋ ድረስ ባወረደው ነበር።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ግን፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካላለፈ፣ በአብዛኛው ለ4 ሳምንታት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ይቆያል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ብዙውን ጊዜ ይመቻል፤ በአፋርና በጋምቤላ ቆላ ግን አይሆንም። አየሩ ደረቅ በሆነበት ቆላ ውሃ የጠጣ የሸክላ ዕቃ፣ ውሃው ሲተን ስለሚቀዘቅዝ፣ ማቀዝቀዣ ለሌላት እናት ይረዳል።

ተመሳሳይ ሕመም ታይሮይድ ዕጢያቸውን የጎዳባቸው ነፍሰ ጡሮችም የሆርሞኑን ክኒን በባዶ ሆድ፣ ከቡና አስቀድመው፣ ከብረት ክኒኑም በ4 ሰዓት አራርቀው ካልወሰዱት ትክክለኛው መድኃኒት በሚገባ ሳይሠራ ይቀራል።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ መጠኑን ለሐኪሞች እንተውላቸው። መድኃኒቱ ጉዳት ሳያገኘው ከእናቲቱ እጅ መድረሱ ግን የእኛም ሥራ ነው። በየሠፈራችን ባለው ጤና ጣቢያ የማቀዝቀዣውን ቴርሞሜትርና የመብራቱን መጠባበቂያ እንመልከት። ከመምከራችንም በፊት፣ እኔ ያላደረግሁትን፣ እንለካ።