ስለ ተስፋ መቁረጥና ስለ ርዳታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዳንግላና በእንጅባራ፥ በመላው አዊም በየቤታችሁ ሆናችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ የተወደዳችሁ ምዕመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሰው በአደባባይ ሊያነሣው የማይወደው ነው። ይኸውም በገዛ እጃቸው ከሕይወት ስለሚለዩ ወንድሞችና እኅቶች ነው።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ። እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ሞትን ተመኘ። የተላከለት መልአክ ግን አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ ዳግመኛም አበላው። እግዚአብሔር በኮሬብ የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ተስፋ ለቆረጠ ሰው እንጀራው ከተግሣጹ መቅደም እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ብቻ ከ700 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ራሳቸውን ገድለዋል። ከመቶው 73 ያህሉ የሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። መንሥኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም አለ፥ ኀዘን አለ፥ መጠጥ አለ፤ ድህነትም አለ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ ለድኻ ቤተ ሰቦች ገንዘብ መስጠት በጀመረ ጊዜ፥ ርዳታው በደረሰባቸው ቀበሌዎች ራሱን የሚገድለው ሰው ቁጥር ከመቶ 18 ያህል እንደ ቀነሰ ሊቃውንት መርምረው አግኝተዋል። ዝናም አጥሮ አዝመራ በሚበላሽበት ዓመትም ርዳታው ለገበሬው ጋሻ ሆኖታል።

በአገራችንም ይህን የመሰለ ሥራ አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ጉልበት ላለው ሥራ ሰጥቶ፥ አቅም የሌለውን ሽማግሌና ሕመምተኛ ያለ ሥራ እንዲረዳ የታሰበ ነው። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር፥ የዳንግላ ጎረቤት የሆነው ደቡብ አቸፈር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ነበረ፤ ለድኻ ድኻውም መዋጮውን መንግሥት እንዲከፍልለት ተደነገገ። ለመታከም በሬውን የሸጠ አባወራ ይህ እንዴት ያለ እፎይታ እንደ ሆነ ያውቀዋል። ለድኻ የሚወጣው ገንዘብ የባከነ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት ያስመረጡት በመበለቶች የዕለት ምግብ ምክንያት እንደ ነበረ ያስታውስ።

እኛስ? በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ ተክሎ፥ ከሰል እያከሰለ ልጆቹን ያስተማረ ገበሬ ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶ ዛፉን ሲያደርቀው፥ ዕዳው ግን አብሮ አልደረቀም። ያን ሰው ማን ጠየቀው? እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፥ ንፍሮ ይቀቅላል፥ ገንዘብ ይከፍላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ በሕይወት ሳለ ቢደርስለት፥ ድንኳኑ ባላስፈለገም ይሆናል።

ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን እያወቀ ራሱን ለገደለ ሰው ጸሎተ ፍትሐትን እንደሚከለክል ታውቃላችሁ። ነፍስ የእግዚአብሔር ገንዘብ ናትና። ዳሩ ግን በመቃብሩ አፍ ቆመን ከመፍረዳችን በፊት፥ ያ ሰው ከብቱን ሲሸጥ፥ ከሰንበቴው ሲቀር፥ ሰላምታ ሲነሣን እኛ የት ነበርን?

በፊልጵስዩስ የወኅኒው ጠባቂ ሰይፉን መዝዞ ራሱን ሊገድል ሲል፥ ቅዱስ ጳውሎስ በታላቅ ድምፅ ጮኾ ከለከለው፤ እስረኞቹም ሁሉ ከዚያው እንዳሉ አስታወቀው። ያን ሰው ያዳነው ብቻውን አለመሆኑን መስማቱ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ እድርና ሰንበቴ ለሕያዋን ችግር የሚሆን ጥቂት ይመድብ። ካህናትም የንስሐ ልጆቻችንን ቤት ሳንጠራ እንጎብኝ። የተጨነቀውን ብቻውን አንተወው፤ ወደ ጸበሉም ወደ ሐኪሙም እናድርሰው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና። አንተም ሕይወት የከበደህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ ዛሬ ሳይመሽ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ደጃችሁን አትዝጉ።

ኤልያስን በምድረ በዳ የመገበ አምላክ ለተጨነቁት ሁሉ ይድረስላቸው፤ እኛንም የሚልከን መልእክተኞቹ ያድርገን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።