«ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ አንድ የእጅ ስብራት ልነግራችሁ ወሰንኩ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ሐረር፣ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሸዋ በር አጠገብ ባጃጅ ገጭቶት መጣ። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ነው፤ ዩኒፎርም ለብሷል፣ ቦርሳውን አንግቷል። «በዚህ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። አፌን አፌን ያየኛል እንጂ መልስ የለም።

እናቱ ከገበያ እየሮጠች ደረሰች። ለካ ልጁ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ከተባረረ አራተኛ ቀኑ ነው። አትክልት ቸርችራ የምታድር እናቱን ሥራ እንዳያስፈታት ብሎ አልነገራትም። ጠዋት ጠዋት እንደወትሮው ይወጣል፣ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሲዞር ቆይቶ ሰዓቱ ሲደርስ ይመለሳል። ጥፋቱስ?

«አይሰማም አሉኝ፣ ዶክተር። አስተማሪው ሲጠሩት ዝም ይላል፤ ንቆኝ ነው ይላሉ።»

ከኋላው ሆኜ ስሙን ጠራሁት። አልዞረም። ጆሮዎቹን ሳይ የሁለቱም ታምቡር ተበስቷል፣ መግል አለው።

ለመናገር የሚከብደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ካርዱን ሳገላብጥ፣ ከዓመት በፊት ለሳል ያየሁት እኔው ነኝ። እናቱ ያኔም «ጆሮው ይፈሳል» ብላኛለች፤ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ወረፋው ረጅም ነበር፣ የሳሉን መድኃኒት አዝዤ ሸኘኋቸው። ስለዚህ አስተማሪው ላይ ጣቴን ለመቀሰር አልደፍርም። እሳቸው ከሃምሳ በላይ ልጅ ፊት ነው የሚቆሙት፤ እኔ ፊት የነበረው አንድ ልጅ ነው።

«ወላጅ አምጣ»ን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሰፈር ጎረምሳ «አጎቴ ነው» ብለን ይዘን የገባን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን (አትሳቁ፣ ስም አልጠራም)። እኛ ግን ያኔ ከፍ ያልን ነበርን። የስምንት ዓመት ልጅ መንገድ ላይ ሲጣል ምን ይማራል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል። አለንጋው ሲነሳ ማባረሩን እንደ ቀላል ቅጣት የቆጠርነው ይመስለኛል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የሕክምና ተማሪዎቻችን ለማኅበረሰብ ልምምድ ሲወጡ የጆሮ መመርመሪያና የዓይን መለኪያ ሰሌዳ ይዘው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ይግቡ፤ «አስቸጋሪ» የተባሉትን አስቀድመው ይዩ። ርእሳነ መምህራንም ልጁን ከበር ከማስወጣታቸው በፊት ለወላጅ ይደውሉ።

የልጁ ጄሶ ወልቋል። አንዱ ጆሮው ደርቋል፣ ሌላኛው ገና ነው። አሁን የሚቀመጠው ፊት ነው። እናቱ በቀደም ለክትትል ስታመጣው፣ ትምህርት እንዳያመልጠው ቀጠሮውን ወደ ከሰዓት እንዳዞርላት ለመነችኝ።