ዕዳና ይሉኝታ በስደት አገር
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ በፕሮግራሙ ላይ ከስሜ ቀጥሎ «የገንዘብ አማካሪ» ብለው ጽፈዋል። ሹመቱን ላስተካክል፤ እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። በስዊድን አገር ራስን «ኢኮኖሚኮች» ብሎ መጥራት ለማንም አልተከለከለም፤ ፈቃድም የምስክር ወረቀትም አይጠየቅበትም። ስለዚህ በዚህ ስም ለሚያስከፍል ሰው ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ሕጉ እያንዳንዱ ኮሙን ለነዋሪዎቹ የበጀትና የዕዳ ምክር እንዲሰጥ ያስገድዳል። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ አማካሪውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በስዊድንኛ «ቡጄት ኦክ ስኩልድሮድይቫሬ» ይባላል። የእኔ ሥራ በወር አንድ እሑድ ከአባላት ጋር ተቀምጦ ወረቀቱን መልክ ማስያዝና እዚያ በር ድረስ መሸኘት ብቻ ነው።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በራሴ ዕዳ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አርላንዳ ከ25 ሚሊዮን በላይ መንገደኞች አስተናግዶ ነበር፤ በ2020 ኮሮና ሲመጣ ቁጥሩ ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ግድም ወረደ። ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ይህን ለማወቅ ጋዜጣ አላስፈለገንም፤ ተሰልፈን ቆመን አየነው። የመኪናው ወርኃዊ ክፍያና መድኑ ግን ከመንገደኛው ጋር አልቀነሱም፤ ዕዳውም በዚያ መንገድ ተከማቸ። ተከፍሎ ያለቀው ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

በዚያ ጊዜ የኮሙኑ አማካሪ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ዕዳ አለብህ?» የሚል አልነበረም፤ «የዚህ ወር የቤት ኪራይ ተከፍሏል ወይ?» ነበር ያለችኝ። እኔ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሒሳብ አያያዝ ጀምሬ ስለ ነበር ከትልቁ ቁጥር የምትነሣ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። ኪራይ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ አከራዩ ውሉን ለማፍረስ መብት ያገኛል። ማስታወቂያው በሕጉ መሠረት ከደረሰን በኋላ በ3 ሳምንት ውስጥ ከከፈልን ቤቱ ይተርፋል። በስልክ ያበደረ ኩባንያ ግን በቀን አሥር ጊዜ ቢደውልም ከቤት ሊያስወጣን አይችልም። እኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምንከፍለው አብዝቶ ለሚጮኸው ነው።

አሁን ወደ ፖስታው ልምጣ። እሑድ እሑድ አንዳንድ ሰው ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች በላስቲክ ከረጢት ይዞ ይመጣል። ወጣቶቹ ከረጢት የላቸውም፤ የእነሱ ስልካቸው ውስጥ ኪቭራ ላይ ተኝቶ ነው የሚገኘው። ዝም ማለት ስንት እንደሚያስከፍል በምሳሌ ላሳያችሁ። የ500 ክሮነር የስልክ ሒሳብ አለ እንበል። ማስታወሻ ሲላክ 60 ክሮነር ይጨመራል። የኢንካሶ ደብዳቤ ሲመጣ 180። አበዳሪው ለክሮኖፎግደን ሲያመለክት የማመልከቻው 300። ክሮኖፎግደን ወስኖ ለማስከፈል ሲነሣ ደግሞ 600። ወለዱና የአበዳሪው ወኪል የሚጠይቀው ሳይቆጠር 500 የነበረው 1,640 ሆነ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ደብዳቤዎች አንዱን ግን ለይታችሁ እወቁት። ክሮኖፎግደን መጀመሪያ ሲጽፍ ፍርድ እየሰጠ አይደለም፤ እየጠየቀ ነው። «ይህ ኩባንያ ይህን ያህል አለብህ ይላል፤ ምን ትላለህ?» ነው ነገሩ። ዕዳው የእኛ ካልሆነ ወይም ቁጥሩ ልክ ካልሆነ፣ በደብዳቤው ላይ በተሰጠው ቀን ውስጥ እንቃወማለን፤ «ቤስትሪዳ» የሚሉት ይኸው ነው። ያን ጊዜ ክሮኖፎግደን ማን ልክ እንደ ሆነ አይመረምርም፤ ከሳሹ ከፈለገ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ይወስዳል። ዕዳው የእኛ ከሆነም ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ከከፈልነው ስማችን አይበላሽም። ዝም ካልን ግን ውሳኔው ይወጣል፤ የክፍያ ጉድለቱም በስማችን 3 ዓመት ተመዝግቦ ይቆያል። በዚህም የተነሣ ቤት መከራየት፣ አንዳንዴም የስልክ ውል መፈረም እንኳ ይከብዳል። ዕዳውን በማግሥቱ ብንከፍለው መዝገቡ ወዲያው አይሰረዝም።

(ለታክሲ ባልደረቦቼ ብቻ አንድ ቃል፦ መንገደኛው ከሚከፍለን ውስጥ 6 በመቶ ሞምስ አለበት። ያ ገንዘብ ኪሳችን ውስጥ ያድራል እንጂ የእኛ አይደለም። የግብር ዕዳ ደግሞ እንደ ስልክ ሒሳብ አስቀድሞ «ምን ትላለህ?» ሳይባል ነው ወደ ክሮኖፎግደን የሚተላለፈው። በሌላ የባንክ ደብተር ለይታችሁ አስቀምጡት።)

ይህን ሁሉ መረጃ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማግኘት ይቻላል። የኮሙኑ አማካሪ የማያውቀው፣ እኛ ብቻ የምናውቀው ሌላ ነገር ግን አለ። እሱም ይሉኝታ ነው።

አንዲት እኅታችን ዕቁቧን ለመጣል ሦስት ጊዜ በስልክ ተበድራለች። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩ የእሷ ብቻም አይደለም። ባንኩን «የለኝም» ማለት ትችል ነበር፤ የዕቁቡን ዳኛ ግን አልቻለችም። ዕቁብ ያለ ወለድ የሚሠራ ድንቅ ነገር ነው፤ ስንቶቻችን የመጀመሪያ መኪናችንን፣ የሠርጋችንን ወጪ በእሱ ሸፍነናል። ነገር ግን ወለድ የሌለውን ዕቁብ በከባድ ወለድ ብድር መጣል ከጀመርን ትርፉ የሚሄደው ለአበዳሪው ነው። በእርግጥ ሕጉ ከቀድሞው ጠበቅ ብሏል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 ለውድ ብድሮች የወለድ ጣሪያ ተበጀ፤ በማርች 2025 ደግሞ ጣሪያው ዝቅ አለ። 10,000 ክሮነር የተበደረ ሰው ወለዱና ወጪው ተደምሮ ከሌላ 10,000 በላይ አይጠየቅም። ያም ቢሆን እጥፍ ነው!

ይህች እኅት ኮሙን ስትሄድ ዕቁቡን አልተናገረችም። አማካሪዋ በጀቱን ስትሠራ በየወሩ 2,000 ክሮነር የት እንደሚገባ አልገባትም፤ እቅዱም አልሠራ አለ። ዕቁብ ወስዳችሁ ገና የምትጥሉ ከሆነ ያ ዕዳ ነው፤ ንገሩ። በተለይም ስኩልድሳኔሪንግ የሚያመለክት ሰው ያለበትን ዕዳ ሁሉ መጻፍ አለበት። ይህ ሕግ በስዊድን ከ1994 ጀምሮ አለ። ዕዳው ፈጽሞ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ብዙውን ጊዜ ለ5 ዓመት የሚችለውን ከፍሎ የቀረው ይሰረዝለታል። ማመልከቻው ገንዘብ አያስከፍልም፤ ለሁሉም ግን አይፈቀድም።

ዋስትናንም ላንሣ። አገር ቤት ዋስ መሆን ለወዳጅ ቃል መስጠት ነው። እዚህ «ቦርየን» ላይ እንደ ራስ ዕዳ ብለን ከፈረምን ግን አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ እኛ መምጣት ይችላል። በባንክ-አይዲያችን ለሌላ ሰው ብድር መውሰድማ ከዋስትናም ያለፈ ነው፤ ዕዳው ከመጀመሪያው የእኛ ነው። እኔ ከሰው ጋር ስቀመጥ አላበድርም፣ ዋስ አልሆንም፣ የማንንም ባንክ-አይዲ አልነካም። አንዳንዶች ጨካኝ ነው ብለው እንደሚያሙኝ ሰምቻለሁ። ይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ለእናት የሚላከው ነው። ክሮኖፎግደን ከደመወዝ ሲቆርጥ የቤት ኪራይና ለኑሮ የተወሰነ ገንዘብ ይተዋል። አገር ቤት ላለች እናት የሚላክ የሚባል መስመር ግን በዚያ ወረቀት ላይ የለም። ሰው ይህን ሲሰማ ያለቅሳል፤ አይቻለሁ። እኔ «አትላኩ» ብዬ አላውቅም፤ ለማለትም አልችልም። የምለው እሑድ ደውላችሁ እውነተኛውን ቁጥር ንገሯቸው ነው። ለፋሲካ በክሬዲት ካርድ 5,000 ልኮ ሦስት ወር ከመጥፋት፣ ለራስ ከተተወው ላይ ቆጥቦ በየወሩ 300 መላክ ይሻላል። አንድ ወንድም ይህን ፈርቶ ብዙ ወር ዘገየ። በመጨረሻ ሲደውል እናቱ «ታዲያ አንተ ምን እየበላህ ነው?» ነበር ያሉት።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በማኅበሩ ሥር በሚካሄዱ ዕቁቦች ዕጣ ያልደረሰው አባል ሲቸግረው ያለ ቅጣት ይውጣ፤ የጣለውንም ዕቁቡ ሲያልቅ ይቀበል። ወይም ወደ ግማሽ ዕጣ ዝቅ ይበል። ምክንያቱን ለዳኛውና ለጸሐፊው ብቻ ይንገር፤ በጉባኤ ፊት አይጠየቅ። አንድ የዕቁብ ዳኛ «እንዲህ ከሆነ ሁሉም ተነሥቶ ይወጣል» ብለውኛል። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ የቀሩት ሰዎች የሚደርሳቸው ገንዘብ ያንሳል። ስለዚህ በአንድ ዙር ከሁለት ሰው በላይ እንዳይወጣ ተብሎ ሊወሰን ይችላል። ገንዘቡን ወስዶ ስለሚያቋርጥ ሰው እየተናገርኩ አይደለም፤ እሱን ዋሶቹ ያውቁበታል።

ሐሳቡን በጽሑፍ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንዲነሣ እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው እሑድ እንደ ወትሮው ከስብሰባው በኋላ በትንሿ ክፍል እገኛለሁ። ደብዳቤ ያላችሁ፣ ያልተከፈተም ቢሆን ይዛችሁ ኑ።