የአእምሮ ሕመምና የድጋፍ ገንዘብ፦ የአውስትራሊያው መድን ከአመልካቹ የሚጠይቀው

ከባድ የአእምሮ ሕመም በዕለት ኑሮ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ከአካል ጉዳት እኩል ቆጥረው በሕግ የድጋፍ ገንዘብ ከሚመድቡ አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2011 የአገሪቱ የምርታማነት ኮሚሽን፣ ማለትም መንግሥትን በኢኮኖሚና በማኅበራዊ ጉዳዮች የሚያማክረው ተቋም፣ በዚያን ጊዜ የነበረው የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ገንዘቡ ያነሰ፣ አሠራሩ የተበታተነና ፍትሕ የጎደለው መሆኑን በሰፊ ጥናት ካሳየ በኋላ በ2013 ብሔራዊ የአካል ጉዳተኞች መድን ሕግ ጸደቀ፤ ሙከራውም በዚያው ዓመት በጁላይ ተጀምሮ ከ2016 ወዲህ ደረጃ በደረጃ መላ አገሪቱን አዳረሰ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤንዲአይኤስ ተብሎ የሚጠራው ይህ ሥርዓት መድን መባሉ ግለሰቡ አስቀድሞ መዋጮ ከፍሎ ስለሚገባበት ሳይሆን ማንም ላይ ሊደርስ የሚችለውን ከባድ ጉዳት ወጪ ኅብረተሰቡ በግብር አብሮ ስለሚሸከመው ነው፤ ለዚሁ ሲባል ከገቢ የሚሰበሰበው የጤና ግብር በ2014 ከ1.5 ወደ 2 በመቶ ከፍ ብሏል። ዛሬ ዋና ጉዳታቸው ከአእምሮ ሕመም የመጣ ከ60,000 በላይ ሰዎች በመድኑ ታቅፈዋል።

ይህ ዲስኩር የሚያተኩረው በሥርዓቱ ውስጥ ባለ አንድ ተቃርኖ ላይ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ከሚያዳክማቸው ችሎታዎች መካከል ቀጠሮ መያዝ፣ የመጣን ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ፣ የራስን ታሪክ በቅደም ተከተል ማስረዳትና ገንዘብን ማብቃቃት ይገኙበታል፤ የድጋፉ ገንዘብ ደግሞ የሚገኘውም የሚተዳደረውም በእነዚሁ ችሎታዎች ነው። ሕጉ ራስን ማስተዳደር አለመቻልን አንዱ የጉዳት መለኪያ ካደረገ በኋላ፣ አመልካቹ ራሱን በሚገባ እንደሚያስተዳድር ሰው ማስረጃ እንዲሰበስብ ይጠብቅበታል። ስለዚህ ማመልከቻው ከመጀመሪያው የታማሚው፣ የአስታማሚውና የሐኪሙ የጋራ ሥራ ሆኖ ካልተያዘ፣ ድጋፉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ከሁሉ ቀድሞ ከመንገድ ይቀራል።

በቅድሚያ መለየት ያለባቸው ሦስት በሮች አሉ። ሐኪም፣ መድኃኒትና ሆስፒታል የጤናው ሥርዓት ድርሻ ስለሆኑ ኤንዲአይኤስ አይከፍላቸውም። የአካል ጉዳተኞች ጡረታ የሚባለው መተዳደሪያ ገቢ ሲሆን የሚሰጠው በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በሌላ መመዘኛ ነው፤ በአብዛኛውም የ10 ዓመት ነዋሪነትን ይጠይቃል፣ በስደተኝነት የገቡት ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ናቸው። ኤንዲአይኤስ የሚሸፍነው ከሁለቱ የሚተርፈውን፣ ሰውየው ከቤቱ እንዲወጣ፣ እንዲያበስል፣ ከሰው እንዲገናኝና ቤቱን እንዳያጣ የሚረዳውን የሰው ኃይልና አገልግሎት ነው። አመልካቹ ዕድሜው ከ65 ዓመት በታች፣ በነዋሪነቱም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን ይኖርበታል፤ ለተወሰኑ የኒውዚላንድ ዜጎች ልዩ ፈቃድ ቢኖርም በጊዜያዊ ቪዛ ለሚኖር ሰው ሕመሙ የቱንም ያህል ቢጸና በሩ ዝግ ነው።

ሕጉ ከአእምሮ ሕመም የሚመጣውን ጉዳተኝነት ሳይኮሶሻል ዲስኤቢሊቲ ይለዋል፤ ይህም ሕመሙ ራሱ ሳይሆን ሕመሙ በሰውየው የመኖር፣ የመሥራትና ከሌሎች ጋር የመገናኘት አቅም ላይ የሚጥለው ዕዳ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር የሚል የምርመራ ውጤት ብቻውን መብት አያስገኝም። ጉዳቱ ቋሚ ወይም ቋሚ ሊሆን የሚችል መሆኑ፣ በመግባባት፣ በማኅበራዊ ግንኙነት፣ በመማር፣ በመንቀሳቀስ፣ ራስን በመንከባከብና ራስን በማስተዳደር ከተባሉት ስድስት ዘርፎች ቢያንስ በአንዱ አቅምን በእጅጉ መቀነሱ፣ ድጋፉም ዕድሜ ልክ የሚያስፈልግ መምሰሉ መረጋገጥ አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቋሚነት በሚለው ላይ ነው። የአእምሮ ሕክምና ታማሚውን የሚያበረታታው ማገገም እንደሚችል እየነገረ ነው፤ ሐኪሙም በዚሁ መንፈስ «በሕክምናው መሻሻል ይጠበቃል» ብሎ በቅን ልቦና የሚጽፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ማመልከቻውን ልታስጥል ትችላለች። ሕጉ ግን ማገገምንና ቋሚነትን አያጣላም፤ ከፍ ዝቅ የሚል ጉዳትም ቋሚ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ተቀብሏል፣ በ2022 የተደረገው ማሻሻያም አልፎ አልፎ የሚነሣን የአእምሮ ጉዳት በግልጽ አካቷል። ዋናው ጥያቄ ተገቢው ሕክምና ተሞክሮ በበቂ ጊዜ ውስጥ ጉልህ መሻሻል አምጥቷል ወይ የሚል በመሆኑ፣ የሐኪሙ ደብዳቤ የተሞከሩትን መድኃኒቶችና የምክር ሕክምናዎች፣ የቆዩበትን ጊዜና የቀረውን ጉድለት በዝርዝር ማስፈር ይጠበቅበታል። እዚህ ላይ አንዳንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይቸገራሉ፤ ዓመታቱ በጸበልና በጸሎት፣ ወይም ነገሩን ከጎረቤት በመሸሸግ ካለፉ፣ ስቃዩ ረጅም ሆኖ ሳለ በመዝገብ የሚታየው የሕክምና ታሪክ አጭር ይሆናል። ጸበሉን መተው አያስፈልግም፤ ከሐኪም ዘንድ የሚያዘው መዝገብ ግን በጎኑ መቀጠል አለበት።

የአቅሙ ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ማለትም የዕለት ተግባራትን የማከናወን ችሎታ ከሚመዝን ባለሙያ ይመጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ውዳስ የተባለው መጠይቅም ከሚጠቀሱት መለኪያዎች አንዱ ነው። በዚህ ምዘና የሐበሻ ጨዋነት ራሱ እንቅፋት ይሆናል። «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል ሰው፣ እንግዳ መጣ ብላ ቤቱን አጽድታ ቡና የምታፈላ እናትም፣ መዛኙን ሳያውቁት ያሳስቱታል፤ እርሱ የሚጽፈው ያየውንና የሰማውን ነውና። «ምግብ ማብሰል ይችላል» ከማለት ይልቅ ማን እንደሚያስታውሰው፣ በሳምንት ስንት ቀን ሳይበላ እንደሚውል፣ ምድጃው ሳይጠፋ ቀርቶ እንደሚያውቅ መግለጽ እውነቱን ያቀርባል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ መጥፎውን ቀን ከመልካሙ ጋር አብሮ መናገር ነው። ቤተሰብ አስተርጓሚ ሲሆን ሐፍረቱም አብሮ ስለሚተረጎም፣ መንግሥት የሚያቀርበውን አስተርጓሚ መጠየቁ ይሻላል።

ማመልከቻው ሲደርሰው መድኑን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በ21 ቀናት ውስጥ ይወስናል ወይም ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል። ጥያቄው ውድቅ ከሆነ በ3 ወር ውስጥ ውሳኔው በውስጥ እንዲመረመር ማመልከት፣ በዚያም ካልተረኩ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የቀድሞውን የይግባኝ ጉባኤ በተካው የአስተዳደር ውሳኔዎች መርማሪ ፍርድ ጉባኤ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ማመልከቻው ሲፈቀድ ለተረጂው ገንዘብ በእጁ አይሰጠውም፤ ፕላን የሚባል፣ የድጋፉ ዓይነትና በጀት የተዘረዘረበት ሰነድ ይዘጋጅለታል። በጀቱ በሦስት መንገድ ይተዳደራል። በመጀመሪያው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይከፍላል፣ አገልግሎቱም ከተመዘገቡ ድርጅቶች ብቻ ይገዛል። በሁለተኛው ፕላን ማናጀር የተባለ ድርጅት ኢንቮይስ ተቀብሎ ይከፍላል፤ የእርሱ ክፍያ ለብቻው ስለሚመደብ ከሌላው ድጋፍ አይቀነስም፣ ካልተመዘገቡ ሠራተኞችም አገልግሎት መግዛት ይቻላል፣ ዋጋው ግን ከተተመነው ጣሪያ አያልፍም። በሦስተኛው ተረጂው ወይም ተወካዩ ራሱ ይከፍላል፤ ነጻነቱ ከሁሉ ይሰፋል፣ ደረሰኙን ግን ለ5 ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ሕመሙ ሲነሣ ያለ ልክ ገንዘብ ለሚያወጣ፣ ወይም ደብዳቤ መክፈት ለሚያቅተው ሰው ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል፤ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ መርጦ ለመቅጠርም ያመቻል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ሪከቨሪ ኮች የሚባል ረዳት በፕላኑ ሊካተት ይችላል፤ አንዳንዶቹ በራሳቸው የአእምሮ ሕመምን ያለፉ ናቸው፣ ሥራቸውም ከተረጂው ጋር ሆኖ ድጋፉን ማቀናጀትና አቅሙ ሲመለስ ኃላፊነቱን ቀስ በቀስ ለእርሱ መልቀቅ ነው። የመግቢያውን ተቃርኖ በመጠኑ የሚያቃልለው፣ በዚህ ዲስኩር እይታ፣ ይህ ሥራ ነው።

በ2024 የወጣው ማሻሻያ ሕግ ምን ሊገዛ እንደሚችልና እንደማይችል በዝርዝር ከመወሰኑም በላይ፣ በጀቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተከፋፈሉ ወቅቶች፣ ብዙውን ጊዜ በየ3 ወሩ እንዲለቀቅ መንገድ ከፍቷል። ለገንዘብ ቁጥጥር ይህ ጠቃሚ ነው፤ ሕመሙ ለሚዋዥቅ ሰው ግን ፍላጎቱ የወቅቶቹን ድንበር አይጠብቅም። አንዱን ወቅት ሆስፒታል ተኝቶ ያሳለፈ ሰው ያልተጠቀመበት ገንዘብ በዚያው ፕላን ወደሚቀጥለው ወቅት ቢሻገርም ወደ አዲስ ፕላን አይሻገርም፤ በግምገማ ጊዜም የተረፈው በጀት «አላስፈለገውም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው የተኛበት ጊዜ፣ ሠራተኛ ጠፍቶ የቆየባቸው ሳምንታት፣ ሕመሙ በርትቶበት በሩን ያልከፈተባቸው ቀናት በየጊዜው ተጽፈው፣ ከሪከቨሪ ኮቹ ሪፖርት ጋር ተያይዘው፣ ፕላኑ ከመገምገሙ በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ሊደርሱ ይገባል።